እትዬ እኩልና የማይታየው ዱቄት

አክስቴ ዳቦ ስትቆርስ አጠገቧ ብትቀመጡ ቀዶ ጥገና የምትሠራ ይመስላችኋል። ቢላዋውን ዳቦው ላይ ታሳርፋለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ቢላዋውን እንደገና አንድ ጣት ታህል ወደ ቀኝ ትገፋለች፣ ከዚያ ነው የምትቆርሰው። አንዱ ቁራሽ ከበለጠ ሸርፋ ለሌላው ትጨምራለች፤ አሁን ደግሞ ያኛው ይበልጣል። እንዲህ ስትሸራርፍ ሲሶው ዳቦ ፍርፋሪ ሆኖ ለዶሮዎቹ ይደርሳል። ሰፈርተኛው «እትዬ እኩል» ነው የሚላት። እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ቆጣሪ አንባቢው እንኳ ወረቀቱ ላይ አይቶት «ይሄ ሰው የት ነው የሚኖረው?» ብሎ እሷኑ ጠይቋታል።

ኑሮዋ እንቁላል ነው። ግቢዋ ውስጥ ፊት ለፊት የተሠሩ ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች አሉ፤ የቀኙና የግራው እንላቸዋለን። በእያንዳንዳቸው መቶ ሃያ ዶሮ አለ። አንዷ ከቀኙ ቤት ብትሞት ከግራው አንዷን አንስታ ለጎረቤት ትሸጣለች፣ ቁጥሩ እንዳይዛነፍ። በሁለቱ ቤቶች መካከል ሲሚንቶ የፈሰሰበት መተላለፊያ፣ በስተጀርባ መኖ ቤት፣ በስተፊት ደግሞ እንቁላል የሚቆጠርበትና የሚመዘንበት ክፍል አለ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ሰው ካጋጠማት፣ «እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄ አንዱም አልሄደልኝም፤ ሁሉንም የተሸከምኩት ራሴ ነኝ» ትለዋለች።

መተላለፊያው ላይ የሚቀመጠው አባቴ ነው። ታናሽ ወንድሟ ነው። የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው በሌላ ሰው ሥራ ላይ አስተያየት መስጠት ሆኗል። በየጠዋቱ ጋዜጣውን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል፣ የእንቁላል ክፍሉን በር ጎንበስ ብሎ ያልፋል፣ ወንበር ያወጣል፣ ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ «እትዬ፣ ውሃው ፀሐይ እየመታው ነው»፣ «እትዬ፣ ያቺ ነጯ ዛሬ ፊቷ አላማረኝም» እያለ ይውላል። እሷም «አንተ ፊትህን አይተኸዋል?» ትለዋለች። ሁለቱም ያለዚህ ቀኑ አይመሽላቸውም።

እኔ ደግሞ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ጠዋትና ከሰዓት ብቅ ብዬ እንቁላል ቆጥሬ ስጽፍ ያየኝ ሰው ሁሉ ጽሕፈቴን ያደንቃል፤ ለዚህ ጉድ ያበቃኝም ይኸው ጽሕፈቴ ነው።

ነገሩ የጀመረው አንዲት ቀጭን ልጅ መነጽሯን እየገፋች በሩን ስታንኳኳ ነው። ከምርምር ተቋም ነው የመጣሁት አለች። ለዶክትሬት ዲግሪዋ የምትሠራው ሙከራ አላት፤ ሁለት እኩል የሆኑ የዶሮ ቤቶች ትፈልጋለች፤ ዞራ ዞራ «እኩል ከፈለግሽ እትዬ እኩል ዘንድ ሂጂ» ተብላ መምጣቷ ነበር። አክስቴ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ፣ ወንበሩንም ጠረገችላት።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ አወጣች። ውስጡ ነጭ ዱቄት አለ።

«ይሄ ዚንክ ነው እትዬ። ግን ናኖ ነው። በዓይን አይታይም።»

አክስቴ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሳችው። «ይኸው ይታያል እኮ።»

«ክምሩ ነው የሚታየው። አንዷ ቅንጣት አትታይም። አንዲት የፀጉር ዘለላ ወርዷ አንድ ሺህ ቦታ ቢሰነጠቅ፣ አንዱ ስንጣቂ እንኳ ከአንዷ ቅንጣት ይበልጣል።»

«ማን ሰነጠቀው?» አለ አባዬ ከጋዜጣው ጀርባ።

ልጅቷ ትዕግሥት ነበራት። ዚንክ ድሮም መኖ ውስጥ እንዳለ፣ ዶሮዋ ግን የበላችውን አብዛኛውን መልሳ በኩሷ እንደምትጥለው፣ እንዲህ ሲደቅ ግን አንጀቷ በቀላሉ ይቀበለዋል ብለው እንደሚጠብቁ፣ ያኔ የእንቁላሉ ቅርፊት ጠንክሮ ስንጥቁ እንደሚቀንስ አስረዳች። አክስቴ «ስንጥቅ» የሚለውን ስትሰማ ቀና አለች። ከመቶ እንቁላሏ ዘጠኙ ተሰነጣጥቆ ነው የሚወጣው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ጠላቷ እሱ ነው።

«ለኩንታል ስንት ይገባል?»

«አንድ የሻይ ማንኪያ።»

«ለዶሮ ነው ወይስ ለጉንዳን?»

ልጅቷ ሳቀች። ማንኪያዋን ዱቄት መጀመሪያ ከአንድ ኪሎ በቆሎ ዱቄት፣ ኪሎውን ከአሥር ኪሎ፣ አሥሩን ከኩንታሉ ጋር እንደምትቀላቅል፣ እንዲህ ካልሆነ አንዷ ዶሮ ሁሉንም ልትውጠው ሌላዋ ባዶዋን ልትቀር እንደምትችል ነገረቻት። አክስቴ በአድናቆት ራሷን ነቀነቀች። ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ይህን ያህል የሚለፋ ሰው ከራሷ በቀር አይታ አታውቅም። በዚያው ቀን «የዱቄቷ ልጅ» ብላ ስም አወጣችላት፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ሹመት ነው።

ከዚያ ልጅቷ ዋናውን ነገር ተናገረች።

«እንግዲህ የቀኙ ቤት ናኖውን ይበላል። የግራው ቤት የድሮውን። ውሃው፣ ብርሃኑ፣ ጉዝጓዙ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉ ነገር አንድ ይሆናል። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው።»

«ለግራዎቹስ?» አለች አክስቴ።

«ለግራዎቹ የድሮው ነው።»

«ገባኝ። ናኖው መቼ ይደርሳቸዋል?»

«አይደርሳቸውም እትዬ። ለማነጻጸሪያ ነው።»

አክስቴ ብልቃጡን መለሰችላት። እኔ ግን ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ዳቦ ልትቆርስ አንድ ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣው ፊት ነው። ቢሆንም እሺ አለች፣ ፈረመች። እኔም በጽሕፈቴ ምክንያት የመዝገቡ ኃላፊ ተደረግሁ። ልጅቷ የቀኙን ቤት ጆንያዎች በአረንጓዴ ሲባጎ፣ የግራውን በቀይ አሰረቻቸው። ከመሄዷ በፊት በሩ ላይ ቆማ አንድ ነገር አጫወተችን። ይህ ሦስተኛ ሙከራዋ ነው። የመጀመሪያው ላይ በሽታ ገብቶ ዶሮዎቹ አለቁ፤ ሁለተኛው ላይ ባለቤትየው ግማሹን ዶሮ ለሠርግ አርዶ ጠበቃት። የትምህርት ጊዜዋ ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቷል። ይሄም ከከሸፈ አራት ዓመት ለፍታ ባዶ እጇን ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

«እኔ ቤት የሚያርድ የለም፣ አይዞሽ» አለቻት አክስቴ። እውነቷን ነበር፤ ማረዱን አላረደችም።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ሚዛን ፈልጌ መኖ ቤት ገባሁ። አባዬ መተላለፊያው ላይ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል። አክስቴ መሬት ላይ ሸራ ዘርግታለች፤ አረንጓዴውም ቀዩም ሲባጎ ተፈትቷል፤ ሁለት ጆንያ መኖ አንድ ክምር ሆኖ እሷ በአካፋ ታገላብጠዋለች። ከግንባሯ ላብ ይንጠባጠባል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«እያደባለቅሁ።»

«አክስቴ! ይሄ እኮ ሙከራ ነው!»

«ቀስ በይ፣ አባትሽን ትቀሰቅሺዋለሽ። እኔ ምን አጠፋሁ? ያው መኖ ነው፣ ያው ዶሮ ነው። አንዲት ማንኪያ አልሰረቅሁም። ለመቶ ሃያ የመጣውን ለሁለት መቶ አርባ አካፈልኩት።» አካፋውን አቆመችና ተጠጋችኝ። «ጠዋት ለግራዎቹ ቀዩን ይዤ ስገባ ሁሉም ወደ በሩ ሮጡ። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ምን ልበላቸው?»

ዶሮ ሁልጊዜ ወደ በሩ እንደምትሮጥ፣ ዓይን የምታየውም ባልዲውን እንጂ ሰውየውን እንዳልሆነ ልነግራት እችል ነበር። አልነገርኳትም። ግማሹን ወደ አረንጓዴው፣ ግማሹን ወደ ቀዩ ጆንያ በሚዛን መልሳ ሲባጎውን እንደነበረው ስታስር ጆንያውን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ለምን እንደዚያ አደረግሁ ብትሉኝ፣ እሷን መቆጣት ያስፈራኛል፤ ከዚያም በላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስቆኝ ነበር። የዱቄቷ ልጅ የአራት ዓመት ልፋት በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰባት ሣምንት በየቀኑ መዝገቡን በዚያ በሚደነቀው ጽሕፈቴ ሞላሁ። የቀኝ ቤት፣ ስንጥቅ፣ ስድስት። የግራ ቤት፣ ስንጥቅ፣ ስድስት። ልጅቷ በየሣምንቱ መጥታ ቁጥሩን ስታይ መነጽሯን አውልቃ ትጠርጋለች፣ መልሳ ታደርጋለች፣ ቁጥሩ ያው ነው። የሁለቱም ቤት ስንጥቅ ቀንሷል። ልዩነት ግን የለም።

«የማይበላው ቤት ለምን ተሻለው?» ትለኛለች።

«እንጃ» እላታለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው። አክስቴ ደግሞ ጎን ቆማ፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ «ምናልባት ሽታው ደርሷቸው ይሆናል» ትላለች።

በስምንተኛው ሣምንት መጀመሪያ ልጅቷ ከየጆንያው ናሙና ወስዳ በተቋሙ መሣሪያ አስመረመረች። በማግስቱ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሏል። ቀዩ ጆንያ ውስጥ ናኖው ተገኝቷል። አክስቴ እጇ ላይ የነበረውን የእንቁላል ትሪ ለቀቀችው፤ ሠላሳው እንቁላል ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ግን ቀና ብላም አላየቻት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ስቀላቅል ሳፋውን በደንብ አላጠብኩትም ማለት ነው። ወይ ጆንያ አቀያይሬአለሁ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ዱቄቱን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ።»

መኖ ቤት ገብታ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ሲቃዋ እስከ መተላለፊያው ይሰማ ነበር። አባዬ ጋዜጣውን አጠፈ። አክስቴ የተሰበረውን እንቁላል በጨርቅ እየጠረገች ያንኑ አንድ ቦታ ደጋግማ ትፈትገዋለች።

«አክስቴ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አውቃለሁ።»

«ሐሙስ የልጅቷ ፕሮፌሰር ይመጣሉ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ!»

ሐሙስ ፕሮፌሰሩ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር መጡ። ሽበታም፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መግቢያው ላይ ካለው የመድኃኒት ውሃ ጫማቸውን ሲነክሩ አክስቴ ቆማ ታያለች። «ቀኝ እግርዎ ብዙ ቆየ፣ ግራውን ይድገሙት» አለቻቸው። ደገሙት። በእንቁላል ክፍሉ ውስጥ በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀመጥን፤ ባልደረቦቻቸው የተደረደሩ ባዶ ሣጥኖች ላይ፣ አባዬ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ጥግ ላይ። መዝገቤ ፊታቸው ተዘርግቷል። ፕሮፌሰሩ አገላብጠው «ጽሕፈቱ ያምራል» አሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የዱቄቷ ልጅ ተነሳች። ሌሊቱን እንዳልተኛች ታስታውቃለች።

«ሙከራው ተበላሽቷል» አለች። «ስህተቱ የእኔ ነው። መኖውን ስቀላቅል ባለመጠንቀቄ ሁለቱ...»

«ውሸቷን ነው!» አለች አክስቴ።

ሁሉም ዞሮ አያት።

«ውሸቷን ነው። እሷ አንድ ቅንጣት አላዛነፈችም። ያደባለቅሁት እኔ ነኝ። በአካፋ። በየሦስት ቀኑ፣ ከምሳ በኋላ፣ ይሄ ሲተኛ።» አባዬን በአገጯ ጠቆመችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ትንሽ አሰበችና «ጆንያ የያዘልኝ የለም» አለች። ከሽታው ወሬ ሌላ በሕይወቷ ከተናገረችው ውሸት የማውቀው ይሄን አንዱን ነው፤ እንደ ጀማሪ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ነው የተናገረችው። ፕሮፌሰሩ ፊታቸው የተዘረጋውን መዝገብ አንዴ፣ እኔን አንዴ አዩ።

ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የንዴት ይሁን የእፎይታ አልለየሁም። «እትዬ፣ ምን አደረግኩዎት?» አለቻት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተባለው ሁሉ አክስቴን የመታት ይሄ ነው፤ ጠረጴዛውን ተደግፋ ነው የቆመችው።

«ለምን?» አሉ ፕሮፌሰሩ። ሳይቆጡ ነው የጠየቁት።

«አንተ ተነስ» አለችው አባዬን።

«እኔ ምን አገባኝ?»

«ተነስ አልኩህ!»

ተነሳ። ጭንቅላቱ አምፖሉን ነካውና አምፖሉ ተወዛወዘ። አክስቴ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ነጠላ ጫማዋ ላይ በጣቷ ብትንጠራራ እንኳ ብብቱ ሥር ነው የምትደርሰው።

«ይኸውላችሁ ሙከራው» አለች። «ከአንድ አባት፣ ከአንድ እናት። ውሃው አንድ፣ ጣሪያው አንድ። እሱ ታናሼ ነው። ቤታችን አንዲት ዶሮ ነበረችን። የጣለችው ለእሱ ነበር፣ ወንድ ልጅ ነው ይጠንክር ተብሎ። አሥራ አራት ዓመት። እኔ የግራው ቤት ነበርኩ።»

አንዱ ባልደረባ መሳቅ ጀምሮ ተወው። ፕሮፌሰሩ አባዬን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከቱት፣ አክስቴንም ተመለከቷት፣ የሙያ ነገር ሆኖባቸው «ሁለት ሰው ብቻውን ለናሙና ትንሽ ያንሳል» አሉ።

«ያንሳል ፕሮፌሰር። እናታችን የወለደችው ግን ሁለት ነው።»

ያኔ ነው አባዬ የተናገረው። ድምፁ ሌላ ጊዜ ሜዳ ሙሉ ተማሪ የሚያሰልፍ ድምፅ ነው፤ ያን ቀን ግን ለመስማት ጆሮዬን አቀናሁ።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ እንቁላል አትወጂም።»

«ማን አለህ?»

«እማዬ። እሷ አትወድም፣ አንተ ብላ ትለኝ ነበር።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

አባዬ ተቀመጠ። ስልሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያወቀውን ነገር በአንድ ጥያቄ የተቀማ ሰው ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

ቀጥላ የተናገረችው የዱቄቷ ልጅ ናት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ አክስቴ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዱቄቱ ጎጂ ቢሆንስ ኖሮ?»

«እንዴት ጎጂ?»

«አናውቅም እኮ። ለዚህ ነው የምንሞክረው። ጎጂ ቢሆን የተረፉት ግራዎቹ ይሆኑ ነበር። እርስዎ ግን ለሁሉም አካፈሉት። አሁን ደግሞ ሁለቱም ቤት ስለተሻለው፣ በዱቄቱ ነው፣ በአየሩ ነው፣ በምን እንደሆነ ልነግርዎት አልችልም። መስካሪዎቼ ግራዎቹ ነበሩ። አፋቸውን ዘጉብኝ።»

አክስቴ ይህን አላሰበችውም ነበር። ለእሷ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው፤ የሚያሳዝነው የሚቀርበት ብቻ ነው። ወለሉን አየች። ከዚያ «አጥፍቻለሁ» አለች። «ለግራዎቹ ብዬ አንቺን በደልኩ።»

ፕሮፌሰሩ የቀን መቁጠሪያቸውን አወጡ። ከልጅቷ ጊዜ የቀረው ሦስት ወር ነው። ሁለቱም ቤት ለሁለት ሣምንት የድሮውን መኖ ይብላ፣ ከዚያ ሙከራው ለስምንት ሣምንት እንደገና ይጀመር፣ በቀረው ሃያ ቀን ውጤቱን ጽፋ ታቅርብ አሉ። ጠበብ ይላል እንጂ ይበቃል። ነገር ግን ቀዮቹ ጆንያዎች የግራው ቤት ውስጥ ይቆለፋሉ፣ ቁልፉም እትዬ እጅ አይሆንም።

«ትክክል ነው» አለች አክስቴ፣ «እኔም ራሴን አላምነውም።»

«ማን ይያዘው ታዲያ?»

«እኔ» አለ አባዬ ከጥጉ።

አክስቴ ልትስቅ ፈለገች፣ ፊቱን ስታየው ተወችው። እሺ ያለችው ግን በአንድ ውል ነው፤ ቁጥሩ በተነበበበት ቀን፣ ዱቄቱ ጥሩ ከሆነ፣ ግራዎቹም ያገኛሉ። በጽሑፍ። ፕሮፌሰሩ ለዶሮ ውል ሲፈርሙ የመጀመሪያቸው መሆኑን ተናግረው ፈረሙ። ፎቶ ኮፒውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በነፃ።

የአባዬን ስምንት ሣምንት ላየ ሰው፣ የጡረታ ዕድሜው በከንቱ እንዳላለፈ ይገባዋል። ቁልፉን በፊሽካው ማሰሪያ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይደርሳል። ቀዩን ሲባጎ ይፈታል፣ ይመዝናል፣ ያድላል፣ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ሁለቴ ይጎትታል። አክስቴ ሽቦው ላይ ፊቷን ለጥፋ «ይቅር በሉኝ፣ ትንሽ ቀን ነው፣ አይዟችሁ» ስትል «ከእስረኛ ጋር ማውራት ክልክል ነው» ይላታል። ሳቋን አፍና ትሄዳለች። ጋዜጣውን ግን ተወው። አንድ ቀን ከሰዓት ስገባ የግራው ቤት ውስጥ ጉዝጓዙ ላይ ረጅም እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ አንዷ ዶሮ ጉልበቱ ላይ ወጥታለች።

«እማዬ ለምን እንደዚያ አለችኝ?» አለኝ። «እትዬ እንደሚቀርባት እያወቅሁ እንዳልበላ ብላ ይሆን?»

ዶሮዋን አንስቼ አወረድኩለት።

ቁጥሩ በአራተኛው ሣምንት መለያየት ጀመረ። በመጨረሻው ሣምንት የቀኙ ቤት ከመቶ አራት፣ የግራው ዘጠኝ ሰነጠቀ። የዱቄቷ ልጅ መዝገቡን ሦስት ጊዜ ደመረችው፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ አባዬን፣ በመጨረሻ አክስቴን አቅፋ ከመሬት አነሳቻት። ለማንሳት ቀላል ናት። ፕሮፌሰሩ በስልክ «ጻፊው» አሉ፤ ድምፃቸው ከሁላችን ጆሮ ገባ። ልጅቷ ገና ስልኩን ሳትዘጋ አክስቴ አረንጓዴውን ጆንያ እየጎተተች ወደ ግራው ቤት ደርሳ ነበር። አባዬ ቁልፉን ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት።

በማግስቱ ጠዋት አባዬ አርፍዶ መጣ። እሱ ምግብ አብስሎ አያውቅም፤ እንቁላሉን የቀቀለው በሻይ ማንቆርቆሪያ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው፣ ማውጣት አቅቶት ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ ሲያራግፍ እጁን ተቃጥሏል። የእንቁላል ክፍሉን በር ጎንበስ ብሎ ገባና እንቁላሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አጠገቡ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ጨው።

«እትዬ፣ ብይ» አላት።

አክስቴ ትሪ እየደረደረች ነበር። እንቁላሉን አየች፣ የተላጠ እጁን አየች፣ ተቀመጠች። ቅርፊቱን ቀስ ብላ ላጠችው፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ገመጠች። እኔና አባዬ ትንፋሻችንን ይዘን እናያታለን። አላመጠች፣ ወደ ጣሪያው አየች፣ እንደገና አላመጠች፣ ዋጠች።

«አልወደውም» አለች።

አባዬ ቦግ አለ፤ ልጅ ሆኖ ነበር ያን ሰዓት። «እማዬ ልክ ነበረቻ!»

«ልክ ነበረች። ግን ይሄን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

አባዬ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እንዳትቸገር ብሎ የቀረውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ ሁሌም የምታካፍለው ሰው ናትና።

«ተው፣ የእኔ ነው» አለችው፤ እየመረራትም ቢሆን ጨረሰችው።